ቲፕ ነው ወይስ ሐቁ?



ወንድሜ፣ እህቴ፣ ምግብ በሞተር አስመጣህ እንበል። ማድረሻው 100 ብር፣ ቫቱ 15 ብር። «115 ከፍዬ ደግሞ የምን ቲፕ?» አልክ። ቫቱ የመንግሥት ነው፤ የልጁ ኪስ አይገባም። ከመቶውም ስንቱ እንደሚደርሰው አታውቅም። ቢሆንም ቲፕ ግዴታ አይደለም፤ ባለመስጠትህ ወንጀል ሠራህ አልልህም።

ግን ስልክ ሳታነሳ ግማሽ ሰዓት ፀሐይ ላይ ካስቆምከው በኋላ የሰጠኸው 20 ብር ሶደቃ ነው? እኔ አይመስለኝም። የወሰድክበት ጊዜውን ነው፤ ሐቁን ሳትመልስ ሶደቃ ሰጠሁ ማለት አይሆንም። (እኔም አንዴ «ሶላት ላይ ነበርኩ» ብያለሁ። ተኝቼ ነበር፣ አስተግፊሩላህ።)

ቁጥሩ ስልክህ ላይ ካለ ዛሬ ደውልለት። አፉ በለኝ በለው፣ የቆመበትንም በቴሌብር ላክለት።