አንድ ምክር፣ ሁለት ጆሮ

«ሁሉንም እኩል መክሬ ነው ያሳደግኳቸው፤ ይሄኛውን ምን ነካው?» ይላል ልጁ ያስቸገረው አባት። እኛም ጎረቤቶቹ ለፍርድ አንዘገይም፤ ግማሻችን በልጁ፣ ግማሻችን በአባትየው። እኔ እንዲህ ያለውን ወሬ በሰማሁ ቁጥር ትዝ የምትለኝ አንዲት ትል ናት። አትሳቁ!

ሲ. ኤሌጋንስ ትባላለች። ርዝመቷ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ የነርቭ ሴሎቿ 302 ብቻ ናቸው። ሲድኒ ብሬነር የተባለው ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው ጥናት፣ አካሄዳቸው የተበላሸባቸውን ትሎች ለይቶ «አንክ» አላቸው። ቅንጅት የጎደላቸው ለማለት ነው። ስም ማውጣት መቼም ቀላል ነው።

ውስጣቸው ሲመረመር ግን ጉድ ተገኘ። ትሏ ገና በመፈጠር ላይ ሳለች፣ በሆዷ በኩል ያሉ ሴሎች ኔትሪን የሚባል ፕሮቲን ያመነጫሉ። ይሄው ፕሮቲን በእኛም በሰዎች ውስጥ አለ። ወደ ሆዷ ሲቀርቡ ይበዛል፣ ወደ ጀርባዋ ሲርቁ ይሳሳል። በማደግ ላይ ያለው የነርቭ ክር እሱን እያሸተተ (አፍንጫስ የለውም፣ እንዲያው ለአነጋገር ነው) መንገዱን ይይዛል። የሚገርመው፣ አንዱ ክር ወደ ኔትሪኑ ሲሳብ ሌላው ከዚያው ከኔትሪን ይሸሻል። ጥሪው አንድ ነው፤ የተለየው መስሚያው ነው። አንክ-40 የተባለውን ተቀባይ የያዘው ይቀርባል፤ አንክ-5 የተጨመረበት ይርቃል። እ.ኤ.አ. በ1993 ተመራማሪዎች አንክ-5ን ባልነበረባቸው የነርቭ ሴሎች ውስጥ ቢያስገቡት፣ ክራቸው ዞሮ ወደ ጀርባ አደገ። ኔትሪኑ ያው የድሮው ነበር።

እንግዲህ ከሚንገዳገዱት ትሎች አንዷ ጠሪ ያጣች ናት፤ ኔትሪን የላትም። ሌላዋ ደግሞ ጥሪው እያለላት መስሚያው የጎደላት ናት። ሲሄዱ ላያቸው ሰው ግን ሁለቱም ያው «አንክ» ናቸው።

ሰው ትል አይደለም፣ ያስባል፣ ይመርጣል ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ክር አይከራከርም፤ ልጅ ይከራከራል፣ ስለዚህም ይጠየቃል። የአባትየው መከላከያ ግን አይዋጥልኝም። «እኩል መክሬአለሁ» ማለት እኮ ስለ ተናገረው እንጂ ስለ ተሰማው ምንም አይነግረንም። አንዱን ልጅ ያቀረበች ቃል ሌላውን ከቤት አስወጥታው እንደሆነስ? ይህን ለማወቅ ልጁን ቁጭ አድርጎ መጠየቅ ይፈልጋል፤ እሱ ደግሞ ከመምከር ይከብዳል።

ዝም ማለትም መላ አይሆንም። ኔትሪን በሌላት ትል ውስጥ ክሩ ማደጉን አላቆመም፤ አደገ፣ ብቻ መድረሻውን ስቶ።