ይህ ክብር አይደለም

ሰሞኑን እዚህ ጅቡቲ ከተማ በአንድ የወገኖቻችን ድግስ ላይ ያየሁት ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። የስኳር ሕመም እንዳለባቸው ቤተ ዘመዱ ሁሉ የሚያውቃቸው፣ ዓይናቸው የደከመ እናት ፊት የገዛ ልጆቻቸው ለስላሳ በለስላሳ ላይ ይደረድራሉ። «ይጠጡ እንጂ እማማ፣ በዚህ ሙቀት!» እምቢ ሲሉ ደግሞ በሞቴ እያሉ ይለምኗቸዋል።

ይህ ክብር አይደለም! ስኳር በደም ውስጥ ሲበዛ በዓይን የውስጠኛው ክፍል ብርሃን የሚቀበለውን ስስ ሽፋን የሚመግቡትን ጥቃቅን የደም ሥሮች ያበላሻል። ሲጀምር አያምም። «ዓይኔ ደህና ነው» እያሉ ነው የሚጎዱት። የዓይን ሞራም ስኳር ባለበት ሰው ላይ ቀድሞ ይመጣል። በ1998 ዓ.ም. በአገራችን በኢትዮጵያ በተደረገው ጥናት ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉ በሞራ የመጣ ነበር። ሞራውን የሚገፈው ቀዶ ሕክምና እንጂ ለዓይን ይጠቅማል የሚባለው ጎመን አይደለም፤ ጎመኑ መበላት የነበረበት ቀደም ብሎ ነው።

ጎመን ካልኩ አይቀር፣ ጫት ከአወዳይ ተነሥቶ በየቀኑ እዚህ ይደርሳል፤ ትንሽ ከዘገየ ከተማው ይታመሳል። ከዚያው ከአገራችን የሚመጣውን ጎመንና ካሮት ግን ማን ተሻምቶ ያውቃል? ለጫት የማይጠፋ ፍራንክ ለአንድ እስር ጎመን ይጠፋል! ጫቱም ብቻውን አይመጣም፤ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ለስላሳና ሲጋራ ያስከትላል። ሲጋራ ደግሞ ሞራንም፣ በእርጅና የሚመጣውን የዓይን ማዕከል መድከምም ያባብሳል። አባት ቀኑን ሙሉ ሲቅም እያየ ያደገ ልጅ ምን ይማራል? እግዚአብሔር የሰጠንን ብርሃን በገዛ ገንዘባችን እያጠፋን ነው!

በጾም ወራት ጎመኑን በዘይት ሠርተን ብንበላ ለዓይን የሚጠቅመውን ነገር ሰውነታችን ይበልጥ ያገኘዋል። እኛ ግን ጾሙን በፓስታና በነጭ ዳቦ እንገፋዋለን፣ በላዩም ያንኑ ለስላሳ! ፍስክ ሲገባም ባሕሩ ደጃችን ነው፤ ዓሣ እንብላ።

ልጆች ሆይ፣ ያንን ጠርሙስ ከእናታችሁ ፊት አንሡ። ውኃ ስጧቸው። ስኳር ያለበት ሰው በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ የዓይኑ ውስጥ መታየት አለበትና፣ ደህና ነኝ ቢሏችሁም ይዛችኋቸው ወደ ዓይን ሐኪም ሂዱ።