አራተኛ የወጣው ሰው

የቀድሞ የኦሊምፒክ አትሌት ሲያርፍ የሚነገረው ዜና መልኩ አንድ ነው። መጀመሪያ ሜዳሊያው ይቆጠራል፣ ቀጥሎ የገባበት ሰዓት ይጠቀሳል፣ መጨረሻ ላይ የልጆቹ ቁጥርና የቀብሩ ቦታ ይገለጻል። ወርቅ ያመጣው ለሳምንት ይወራለታል፤ ነሐስ ያመጣው በስፖርት ዜና መሃል ጣል ይደረጋል፤ አራተኛ የወጣውን ጎረቤቶቹ ቀብረውት ይመለሳሉ። ደረጃ የሚባለው ነገር ከውድድሩ ሜዳ ወጥቶ ለቅሶ ቤት ድረስ ገብቷል ማለት ነው። ለምን እንደገባ መገመት አያቅትም፤ መግባቱ ትክክል ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ለመሆኑ መታወስ የሚገባው ማን ነው?

ቀላሉ መልስ «ያሸነፈ» የሚለው ነው። ይህን መልስ በሁለት ኢትዮጵያውያን እንፈትነው (ቀናቱም ዓመታቱም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ፣ በ1964 ደግሞ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ባስወጣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቶኪዮ ላይ ማራቶንን አሸነፈ። በ1969 የመኪና አደጋ ደርሶበት እግሮቹ ከዱት፤ በጥቅምት 1973 በ41 ዓመቱ ሲያርፍ ንጉሠ ነገሥቱ ብሔራዊ ሐዘን አወጁ፣ ቀብሩም ላይ ቆሙ። የተገኘው ሕዝብ 65 ሺህ ያህል እንደነበር ይገመታል። ማሞ ወልዴም እንደ አበበ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። በ1968 ሜክሲኮ ላይ አበበ 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ በእግሩ ጉዳት ሲያቋርጥ፣ ማሞ ሁለተኛውን ከሦስት ደቂቃ በላይ ቀድሞ ገባ። በግንቦት 2002 ሲያርፍ ግን ዘጠኝ ዓመት ያህል ከቆየበት እስር ከወጣ ገና አራት ወሩ ነበር። ሁለቱም ወርቅ አላቸው፣ ጦራቸው አንድ፣ ርቀቱም አንድ ነው፤ ስማቸው ሲነሳ የሚሰማን ግን አንድ አይደለም። መታሰብን የሚያስገኘው ድል ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ልዩነት ባልተፈጠረ።

ደግሞስ ድል የማን ነው? በ1980 ሞስኮ ላይ ምሩጽ ይፍጠር በ5 ሺህም በ10 ሺህም ሜትር ወርቅ ወሰደ። በ5 ሺው ፍጻሜ ሦስት መቶ ሜትር ያህል ሲቀር «ማርሽ ቀያሪው» የሚባለው ምሩጽ በሯጮች መሃል ተዘግቶ ነበር። ያን ጊዜ የቡድን ጓደኛው መሐመድ ከድር ወደ ውጭ ገለል አለለት፤ ምሩጽ በተከፈተው ቀዳዳ ሾልኮ ወጣና የቀረውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከድር ራሱ ከኋለኞቹ ጋር ገባ። በ10 ሺው ነሐስ ስላለው ስሙ ከነጭራሹ አልጠፋም፤ ያቺ ገለል ያለባት እርምጃ ግን በየትኛውም የሜዳሊያ ሠንጠረዥ ላይ አትገኝም። ምሩጽ በታኅሣሥ 2016 ቶሮንቶ ላይ አርፎ አስከሬኑ ወደ አገሩ ሲመጣ ወርቁ ለአንድ ሰው ተቆጠረ። እንዲህ መሆኑ ምሩጽን አያሳንሰውም። እኔ የምለው፣ ብቃትን በሚዛን አስቀምጦ መታሰቢያ የሚያድል ሰው ሚዛኑ ላይ የማይወጡ ነገሮች እንዳሉ ይወቅ ነው።

ሚዛኑ ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ የሚያሳይ ሌላ ሰው አለ፣ ያውም በአበበ ውድድር። ቶኪዮ 1964። አበበ ገብቶ፣ ሜዳው መሃል ላይ ሰውነቱን እያፍታታ ሳለ ኮኪቺ ጹቡራያ የተባለ ጃፓናዊ ወታደር ሁለተኛ ሆኖ ስታዲየም ገባ። የአገሩ ሰው ተነስቶ ጮኸ። በመጨረሻው ዙር እንግሊዛዊው ባሲል ሂትሊ ከኋላው መጥቶ አለፈው። በሁለቱ መሃል የነበረው አራት ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ነሐስ፣ በአገር ሕዝብ ፊት! ጹቡራያ ግን ያን ቀን እንደ ውርደት ቆጠረው፤ ለሜክሲኮ ለመዘጋጀት ሲጥር ሰውነቱ እምቢ አለው፤ በጥር 1968 በ27 ዓመቱ ራሱን አጠፋ። በተወው ደብዳቤ ወላጆቹን፣ ወንድሞቹንና የወንድሞቹን ሚስቶች ስላበሉትና ስላጠጡት ነገር በየተራ አመሰገነ፦ ስለ ደረቀው ፍሬ፣ ስለ ሩዙ ቂጣ፣ ስለ ወይኑ። ከዚያ በኋላ መሮጥ እንደማይችል፣ በጣም እንደደከመው ጻፈ። ያን ደብዳቤ የሚያነብ ሰው ስለ ነሐስ ማሰብ ያሳፍረዋል።

በእኛ ሰፈር ይህ ጥያቄ በሌላ መንገድ ተፈትቶ ኖሯል። የዕድር ጥሩምባ ነፊ ማለዳ መንደሩን ሲዞር የሟቹን ስም ይጠራል፣ ምን ሠርቶ እንደኖረ አይዘረዝርም። ድንኳን ይተከላል፣ ወንበርና ድስት ከዕድሩ ቤት ይወጣል፣ ቀብር የቀረ ይቀጣል። ለመምህሩም፣ ለሰካራሙም፣ ከመንደሩ ሁሉ ተጣልቶ ለኖረውም የሚተከለው ያው ድንኳን ነው። ፍትሐት ላይ ቄሱ የሚጠሩት የክርስትና ስሙን ነው፤ ሻምበልነቱም ሻምፒዮንነቱም እዚያ አይነሳም። ዕድር ሟቹ ይገባዋል ወይ ብሎ ስብሰባ አይጠራም። የሚያጣራው መምጣት ያለበት ማን እንደሆነ ነው፤ የሚቀጣውም የቀረውን ቋሚ እንጂ ሟቹን አይደለም።

ይህ አቅጣጫውን የቀየረ ጥያቄ የፍልስፍና ክብደት ያለው ይመስለኛል። መታሰብን የሟቹ ሽልማት ካደረግነው ሟቹን ለዘላለም ፈተና ላይ እናስቀምጠዋለን፦ መንግሥት ሲለወጥ ነጥቡ ይቀንሳል፣ ፋሽን ሲለወጥ ይጨምራል። መታሰብን የቋሚው ዕዳ ካደረግነው ግን የምንመረምረው ራሳችንን ይሆናል። ሽልማት የሚሰጠው ሲፈልግ ይሰጣል፤ ባለዕዳ ግን ሲዘገይ ጥፋተኛ ነው። በ1972 ሙኒክ ላይ የተገደሉት 11 እስራኤላውያን አትሌቶች፣ አሠልጣኞችና ዳኞች ቤተሰቦች በኦሊምፒክ መክፈቻ ላይ የኅሊና ጸሎት ይደረግላቸው ብለው አሥርት ዓመታት ለመኑ። የተፈቀደላቸው በ2021 ቶኪዮ ላይ ነው፣ ከ49 ዓመት በኋላ። ያ ሁሉ ጊዜ ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ጉዳዩን የያዘው ሊሰጠውም ሊነሳውም እንደሚችል ሜዳሊያ ነበር። ሟቾቹን ውድድሩ ላይ እንግዶቹ አድርጎ ጠርቶ፣ በሰፈሩ ያሳደራቸው እሱ ነው። ዕዳው የማን እንደነበረ ለመረዳት ያን ያህል ዓመት የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

እርግጥ ዕድርም ጉድለት አለበት። የሚያውቀው አባሉን ነው። መዋጮ ያልከፈለ፣ ከሌላ ሰፈር የመጣ፣ ማንም የማያውቀው ሰው ቢሞት ጥሩምባው አይነፋም። እንግዲያው የአትሌት ዕድርተኛ ማን ነው? አገሩ እንዳንል አገር እንደ ማሞ ሊያስር ይችላል፤ ተመልካቹ እንዳንል ተመልካች ቶሎ ይረሳል።

እዚህ ላይ የሙኒክን ማራቶን ውጤት ተመልከቱልኝ። መስከረም 10 ቀን 1972፣ ከግድያው አምስት ቀን በኋላ። አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር አንደኛ፣ ቤልጂጋዊው ካሬል ሊስሞንት ሁለተኛ። ሦስተኛ ማሞ ወልዴ፣ በ40 ዓመቱ። አራተኛ አሜሪካዊው ኬኒ ሙር፣ ከማሞ 31 ሰከንድ ያህል ዘግይቶ። አምስተኛ ጃፓናዊው ኬንጂ ኪሚሃራ። ከሦስተኛው በታች ያሉትን ሁለቱን ማንም አንገታቸው ላይ ሪባን አላጠለቀላቸውም።

ኪሚሃራ የጹቡራያ ወዳጅ ነበር። ቶኪዮ ላይ አብረው ሮጠዋል፤ እሱ ስምንተኛ ወጣ። ጹቡራያ ከሞተ ከዘጠኝ ወር በኋላ ሜክሲኮ ላይ ከማሞ ቀጥሎ ሁለተኛ ሲገባ ወዳጁን እያሰበ ይሮጥ እንደነበር ኋላ ተናግሯል። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ወደ ጹቡራያ የትውልድ ከተማ ወደ ሱካጋዋ እየሄደ መቃብሩን ጎብኝቷል። ከተማዪቱም በስሙ የሩጫ ውድድር ታካሂዳለች። ያ ሰው አገሩን አሳፈርኩ ብሎ የሞተ ነው፤ የሚያስታውሰው ደግሞ ድካሙን በራሱ እግር የሚያውቅ ሯጭ ሆነ።

ሙር ደግሞ ሩጫውን ትቶ ጋዜጠኛ ሆነ። ማሞ ያለ ፍርድ ዓመታት መታሰሩን ሲሰማ ተነስቶ አዲስ አበባ መጣ፣ እስር ቤት ገብቶ አገኘው፣ በ1995 «ስፖርትስ ኢለስትሬትድ» ላይ ረጅም ጽሑፍ ጻፈለት። የማሞን ጉዳይ ለዓለም የስፖርት ሰዎች ያደረሰው በዋናነት ያ ጽሑፍ ነው። ልብ በሉ፦ ይህ ሰው ማሞ ባይኖር ኖሮ ነሐስ ያጠልቅ ነበር። የቀደመውን ሰው ጀርባ ሲያይ የቆየ፣ ያን ጀርባ ወህኒ ድረስ ተከተለው። የቅርብ ዘመድ ግዴታ ነው የፈጸመው፤ ዘመድነቱ ግን ከ31 ሰከንድ የመጣ ነው። ዕድር የምለው ይህን ነው። መዋጮው አብሮ መድከም ነው።

ይህም ሁሉን አያዳርስም። ሶማሊያዊቷ ሳሚያ ዩሱፍ ኦማር በ2008 ቤጂንግ ላይ በ17 ዓመቷ 200 ሜትር ስትሮጥ 32 ሰከንድ ከ16 ፈጀባት፤ ሌሎቹ ጨርሰው እሷ ብቻዋን መም ላይ ነበረች። ስታዲየሙ አጨበጨበላት። እሷ ግን የሚጨበጨብልኝ ስላሸነፍኩ ቢሆን እመርጥ ነበር ብላለች። አባባሏ እስከዛሬ ይቆጠቁጠኛል፤ እዝነትን ከአክብሮት ለይታ የምታውቅ ልጅ ናት። ኋላ አሠልጣኝ ፍለጋ አዲስ አበባ መጣች፣ ከእኛው ጋር ኖረች፤ ከዚያ በሱዳን አድርጋ ሊቢያ ገባች፤ በ2012 ለለንደን ኦሊምፒክ ጥቂት ወራት ሲቀሩ ሜዲትራኒያን ላይ ሰጠመች። ስሟን ለሕዝብ መልሶ ያነሳው በ1987 በ1500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን የነበረው የአገሯ ልጅ ዐብዲ ቢሌ ነው፣ የሶማሌ ተወላጁ ሯጭ ሞ ፋራህ ለንደን ላይ አሸንፎ ሶማሌው ሁሉ በሚደሰትበት ሰሞን። የሳሚያን መጨረሻ ታውቃላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀ። ሯጭ ለሯጭ፣ ሻምፒዮኑ ለመጨረሻዋ።

ዛሬ ሳሚያ የምትታወቀው በአሟሟቷ ነው። ይህ ደግሞ የራሱ አደጋ አለው። የሚያሳዝን ሞት የወርቅን ቦታ ተክቶ አዲስ ደረጃ ያወጣል፦ የሰጠመች፣ የተገደለች፣ የታሰረ። በሞቃት አልጋው ላይ በስኳር በሽታ የሞተው ሰባተኛ የወጣ ሯጭ በዚህኛውም ሰልፍ መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ ሳሚያን የማስታውሳት በጀልባው ሳይሆን በዚያ በ32 ሰከንድ ቢሆን እመርጣለሁ።

የቀረው ከባዱ ነው፤ ራሱ ማሞ። የታሰረው በቀይ ሽብር ተጠርጥሮ ነው። በዚያ ዘመን በቀበሌው ኃላፊነት ነበረው፤ አንድ ታዳጊ ልጅ በተገደለበት ቦታ እንደነበረም አልካደም። ተኩስ ተብዬ ታዝዤ ሆን ብዬ ሳትኩ ነበር ቃሉ። ፍርድ ቤቱ በጥር 2002 ጥፋተኛ ብሎ ስድስት ዓመት ፈረደበት፣ ከዚያ በላይ ታስሮ ስለነበር ተለቀቀ። የስፖርት ወዳጆች ይህን ክፍል ቶሎ አልፈው ወደ ሜክሲኮ መሄድ ይወዳሉ። ሌሎች ደግሞ ከዚህ ክፍል ወዲያ መሄድ አይፈልጉም። ሁለቱም ማስታወስን ከማወደስ ጋር አንድ አድርገውታል፤ የሚጨቃጨቁት ሐውልት ይቁም አይቁም በሚለው ነው። ሐውልት እርግጥ ምርጫ ይጠይቃል፣ ሁለት ፊት ያለው ሐውልት አይቀረጽም። ትዝታ ግን እንደዚያ አይደለም። የልጁ እናት የምታስታውሰው ማሞና ሙር ያስታወሰው ማሞ አንድ ሰው ናቸው፤ አንዱ ትዝታ ሌላውን የመሰረዝ ሥልጣን የለውም። ሙር ወዳጁን ያምነው ነበር፤ ማመኑ የልጁን ሞት አላስቀረም። ዕዳ በቋሚ ላይ ነው ካልን ለዚያ ልጅም ዕዳ አለ፣ ያውም ሩጫ የማይገባቸው ሰዎች ሁሉ የሚካፈሉት።

ስለዚህ የማሞን ሙት ዓመት የሚያነሳ አዘጋጅ ሜክሲኮን ይጻፍ፣ አበበ ያቋረጠበትን ቦታ ይጻፍ፣ ነሐሱን በ40 ዓመቱ ማግኘቱን አይርሳ። ዘጠኙን የእስር ዓመት፣ ልጁን፣ የማሞን ቃልና የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ሳያለዝብ በተርታ ያስቀምጥ። ቦታ ከተረፈው ደግሞ በግንቦት 2022 ያረፈው ኬኒ ሙር ሙኒክ ላይ ስንተኛ እንደወጣ ይጨምርበት።