ቅብ የሚዋሸው መቼ ነው?

925 የሚል ማኅተም ያለበት ብር ከሺህ እጅ 925ቱ ንጹሕ ብር ሲሆን ቀሪው 75 እጅ አብዛኛውን ጊዜ መዳብ ነው። ንጹሕ ብር ለስላሳ ስለሆነ ቀለበት ቢሠሩበት ቅርጹን አይጠብቅም፤ የሚያጠነክረው መዳቡ ነው። ይህ ብር ግን በአየር ውስጥ ያለ የድኝ ውሕድ ሲያገኘው ይጠቁራል። ስለዚህ ጌጥ ሠሪው ወይ እንዳለ ይተወዋል፣ ወይ ነጭነቱ እንዲቆይ ሮዲየም የተባለውን ብረት ይቀባዋል፣ ወይ ወርቅ ያለብሰዋል። ላይ ላዩን ሲታይ ጉዳዩ የዓይንና የኪስ ነው። ከሥሩ ግን አንድን ነገር በሌላ ነገር መልክ ማቅረብ ውሸት ነው ወይ የሚል የቆየ የሥነ ምግባር ጥያቄ አለ። የእኔ መልስ ቅብ በራሱ አይዋሽም የሚል ነው። ውሸት የሚመጣው አንድ ሰው መልኩን አምኖ በሚወስንበት ቦታ፣ ውስጡን የሚያውቀው ሰው ዝም ሲል ነው።

ለዚህ የመጀመሪያው ምስክር ራሱ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። በኦሪት ዘጸአት የቃል ኪዳኑ ታቦት ከግራር እንጨት እንዲሠራና በውስጥም በውጭም በወርቅ እንዲለበጥ ታዟል። ወርቁን ያዘዘው ቃል እንጨቱንም በስሙ ስለጠራው ታቦቱን አስመሳይ ያለው የለም። በአንጻሩ ነቢዩ ዕንባቆም በወርቅና በብር የተለበጠውን ጣዖት እስትንፋስ የሌለው እያለ ይሣለቅበታል፤ መጽሐፈ ምሳሌም በሸክላ ላይ የተቀባ የብር ዝቃጭን ለክፉ ልብና ለለሰለሰ ከንፈር ምሳሌ ያደርገዋል። በሦስቱም ቦታ የእጅ ሥራው መለበጥ ነው፤ የሚለያቸው ልባጡ ስለ ውስጡ የሚናገረው ነገር ነው። የአክሱም ነገሥታት ሳንቲሞችም ይህንኑ ያሳያሉ። በአንዳንድ የብርና የመዳብ ሳንቲሞቻቸው ላይ በንጉሡ ራስ ወይም በመስቀሉ ዙሪያ ብቻ ወርቅ ተለብጧል። ሐሳቡ የወርቅ ሳንቲም ማስመሰል ቢሆን ኖሮ ሙሉው ፊት በተሸፈነ ነበር። ወርቁ የከበረውን ቦታ አከበረ እንጂ ብሩን አልካደም።

ወደ ዛሬው ገበያ ስንመጣ፣ የአሜሪካው ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን መመሪያ «ቨርሜይል» ተብሎ የሚሸጥ ወርቅ ቅብ ብር ቢያንስ 2.5 ማይክሮን ውፍረትና ቢያንስ 10 ካራት ንጽሕና ያለው ወርቅ እንዲለብስ ይጠይቃል። ይህ ሚሊሜትርን 400 ቦታ ቢከፍሉት አንዱን ክፍል ያህል ነው። ቅጥነቱ ግን ለእውነተኛነት መለኪያ አይሆንም፤ ቀጭን መሆኑ የተነገረለት ቅብ ሳይነገርለት ከወፈረው ይልቅ ታማኝ ነው። እንዲያውም ወርቅ ቅብ ብር ፊቱ ወርቅ ቢመስልም 925 የሚለው ማኅተሙ ውስጡን ይመሰክራል። ይበልጥ የሚያሳስበው ማንም የማይጠረጥረው ሮዲየም ነው። እንግሊዛዊው ዊሊያም ዎላስተን እ.ኤ.አ. በ1804 ያስታወቀው ይህ ብረት ጠንካራና የማይጠቁር ነው፤ ነጭ በነጭ ላይ ስለሚቀባ ግን ገዢው ብር ያየ እየመሰለው የሚያየው ሮዲየምን ነው። ሮዲየም ዋጋው ውድ ስለሆነ ገዢው አልተጭበረበረም ይባል ይሆናል። ሆኖም ካልተነገረው እንደ ተራ ብር በመወልወያ ሲፈትገው ቅቡን ይጨርሳል፤ ሲያልቅም እንደገና መቀባት እንዳለበት አያውቅም። ከቅቡ ሥር አንዳንዴ ኒኬል ይነጠፋል፤ ኒኬል የብዙ ሰው ቆዳ ስለሚያሳክክ የአውሮፓ ኅብረት ከጌጥ የሚወጣውን መጠን በሕግ ገድቧል። እዚህ ላይ ዝምታው ከኪስ አልፎ ገላ ይነካል።

ቅብን ሁሉ የሚጠላ ሰው ብር ብር ሆኖ ይቅር ይላል። ነገር ግን 925 ራሱ ከመዳብ ጋር የተቀላቀለ ነው፤ ጥቁረቱንም በየጊዜው የምናስለቅቀው በእጃችን ነው። የሰው ጥበብ ያልነካው ጌጥ ከሌለ፣ ጥበብ መጨመሩ ብቻውን ነውር ሊሆን አይችልም። በተቃራኒው የቆመው ደግሞ ጌጥ ለዓይን ነው፤ ዓይን ከረካ ማን ተበደለ? ይላል። ለዓይን ብቻ በሚሆንበት ቦታ ልክ ነው። የሠርግ እንግዳ የሙሽራዋ ሐብል ወርቅ ይሁን ወርቅ ቅብ የሚወስነው ነገር ስለሌለ ማብራሪያ አይገባውም። ሙሽራዋ ይህን ለብሳ ብትታበይ ጥፋቷ ትዕቢት እንጂ ውሸት አይደለም፤ ሁለቱን ማደባለቅ ፍርድን ያዛባል። ያው ሐብል በጥሎሽ «ወርቅ» ተብሎ ሲሰጥ፣ በመያዣ ሲቀመጥ ወይም በውርስ ሲከፈል ግን ሰው ኑሮውን ይመሠርትበታል። ያኔ ከጌጡ አንዲት ቅንጣት ሳትለወጥ ንጹሑ ነገር ማታለያ ይሆናል። ማታለያ የሚያደርገው ቅቡ ሳይሆን መደበቁ እንደሆነ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ በግልጽ ያሳያል፤ ሙሉ ወርቅ የሆነው ሜዳሊያ ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1912 በስቶክሆልም ነው። ሯጮቻችን ያመጧቸው የወርቅ ሜዳሊያዎችም በአብዛኛው ወርቅ የለበሰ ብር ናቸው። ደንቡ በአደባባይ የታወቀ ስለሆነ ግን ተታለልኩ የሚል ባለድል የለም።

እንግዲህ ምርጫው ጌጡ ከሚሰጠው አገልግሎት ጋር መመዘን አለበት። በየቀኑ ከእጅ ጋር ለሚፋተግ ቀለበት ወርቅ ቅብ ቶሎ ስለሚያልቅ ያልተቀባው ብር ይሻላል፤ ለጉትቻና ለአንገት ጌጥ መፋተጉ አነስተኛ ስለሆነ ቅቡ ይበረክታል፤ ንብረት ሆኖ ለሚቆጠር ስጦታ ደግሞ ወይ ሙሉ ወርቅ ወይ ሙሉ እውነት ያስፈልጋል። ሻጭም ከታች ያለውን፣ ከላይ ያለውንና በመካከል የተነጠፈውን የመናገር ግዴታ አለበት። ይህን ሰምቶ የመረጠ ገዢ ያልተቀባውንም፣ ሮዲየም የተቀባውንም ሆነ ወርቅ የለበሰውን ብር ቢለብስ የሚወቀስበት የለም፤ ይህን ደብቆ የሸጠ ነጋዴ ግን ንጹሕ ወርቅ ቢቀባው እንኳ ከወቀሳ አይድንም።