የሕመም ትርጉም የማን ነው?

የሰው ልጅ ሕመሙን በሥጋው ብቻ ታምሞ የሚያልፍ ፍጡር አይደለም። እንስሳ ሲታመም ጥግ ይዞ ይተኛል፤ ሰው ግን ከሕመሙ ጋር «ለምን?» የሚለውን ጥያቄ ይዞ ይተኛል። ይህ ጥያቄ በማናቸውም ደዌ ላይ የሚነሣ ቢሆንም፣ የጡት ነቀርሳ በያዛት ሴት ዘንድ የሚያገኘው ክብደት የተለየ ነው። ጡት በሰው አእምሮ ውስጥ ከአካል ክፍልነት ያለፈ ቦታ አለውና። በአማርኛ የእናት ውለታ የሚቆጠረው በጡት ነው፤ ውለታ ቢስ ሰው «ጡት ነካሽ» ይባላል፤ በሥጋ ያልተወለደውን ከቤተሰብ የሚያስተሳስረውም የጡት ልጅነት ነው። እንግዲህ ሌላውን ሲመግብ የኖረው አካል ራሱ ባለቤቱን የነከሰ ዕለት፣ ሴቲቱ ነገሩን ምን ብላ ትረዳዋለች? ለማንስ ታስረዳለች?

ጥያቄው የጥቂቶች አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳመለከተው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 2.3 ሚሊዮን ሴቶች ይህ በሽታ እንዳለባቸው ታውቋል፤ በዚያው ዓመት በበሽታው የሞቱት ደግሞ 670,000 ይደርሳሉ። በኢትዮጵያም ሴቶችን ከሚያጠቁት የነቀርሳ ዓይነቶች ቀዳሚው ይኸው ነው። ሳይንስ ሕዋሳት ሥርዓታቸውን ስተው ያለ ልክ ሲራቡ በሽታው እንደሚፈጠር ያስረዳል፤ የዘር ውርስንና ሌሎች አጋላጭ ሁኔታዎችንም ይዘረዝራል። ሆኖም ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉ ሴት ከመሆናቸውና ዕድሜያቸው ከ40 ዓመት ከማለፉ በቀር የተለየ አጋላጭ ሁኔታ አይገኝባቸውም። ስለሆነም «ለምን እኔን?» ብላ ለምትጠይቅ ሴት ሐኪሙ ብዙ ጊዜ መልስ የለውም። ሳይንስ ዝም ባለበት ስፍራ ደግሞ ጎረቤት ይናገራል።

ጎረቤት የሚናገረው ሁልጊዜ ከክፋት ተነሥቶ አይደለም። አንዱ የሰው ዓይን ነው ይላል፤ ሌላው የአባት እርግማን ነው ይላል፤ ሦስተኛው ያልተናዘዘችው ኃጢአት ይኖር ይሆን ብሎ ይጠረጥራል። ቋንቋው ራሱ ለዚህ በር ይከፍታል። ሕመምተኛ ሊጠይቅ የገባ ሰው «እግዚአብሔር ይማርሽ» ይላል። «ማረ» የሚለው ግሥ ከሕመም ማዳንንም፣ በደልን ይቅር ማለትንም ያመለክታል። በአልጋው ላይ ያለችው ሴት ፈውስን ከሰማች ትጽናናለች፤ ይቅርታን ከሰማች ግን ሳትበድል ተከሳሽ ትሆናለች።

አሜሪካዊቷ ደራሲ ሱዛን ሶንታግ እ.ኤ.አ. በ1975 የጡት ነቀርሳ እንዳለባት አወቀች። ከሦስት ዓመት በኋላ ባሳተመችው መጽሐፍ የተነሣችው ይህን መሰሉን ክስ ለመሞገት ነበር። የሚያስደንቀው፣ በመጽሐፉ ውስጥ የራሷን ሕመም አለማንሣቷ ነው። ክርክሯ ባጭሩ፣ በሽታ በሽታ ነው፤ ቅጣት አይደለም፣ የጠባይ ውጤትም አይደለም የሚል ነው። በዘመኑ በምዕራቡ ዓለም ነቀርሳ ስሜቱን አፍኖ የሚኖር ሰው በሽታ ነው ይባል ነበርና፣ ይህ አባባል ታማሚውን የሕመሙ ጥፋተኛ እንደሚያደርገው አሳየች። ትችቷ ለአማርኛ ተናጋሪም እንግዳ አይደለም። ሙስናውም፣ ዘረኝነቱም በየስብሰባው «የኅብረተሰብ ነቀርሳ» እየተባለ ሲወገዝ፣ በአዳራሹ ውስጥ የተቀመጠች ታማሚ ሴት የደዌዋን ስም ከነውር ሁሉ ጋር ተሰልፎ ትሰማዋለች።

ይሁን እንጂ ሶንታግ የሐሰት ትርጉሞችን ጠራርጋ ካወጣች በኋላ፣ ባዶ በቀረው ቤት ውስጥ ምን ይገባል? ሰው በባዶ ቤት አይኖርም። እንግሊዛዊቷ ልብ ወለድ ጸሐፊ ፋኒ በርኒ እ.ኤ.አ. በ1811 በፓሪስ ከተማ ጡቷ በቀዶ ሕክምና ሲወጣ፣ ማደንዘዣ ገና ለሕክምና አልዋለም ነበር። የሆነውን ሁሉ ለእኅቷ በደብዳቤ ለመተረክ ወራት ፈጀባት፤ ማስታወሱ ዳግም መቆረጥ ሆኖባት ነበርና። ሆኖም ጻፈችው። ከዚያም ከ28 ዓመት በላይ ኖራ በ1840 አረፈች። ደብዳቤው ለምን እንደታመመች አያስረዳም፤ የደረሰባትን ግን በራሷ ቃል የራሷ አድርጎታል።

ምክንያትና ትርጉም የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ምክንያት ወደ ኋላ ተመልክቶ ሕመሙ ከየት መጣ ይላል፤ ትርጉም ወደ ፊት ተመልክቶ ከእንግዲህ እንዴት ይኖራል ይላል። የመጀመሪያው ጥያቄ የሐኪሙና የተመራማሪው ነው። ሁለተኛውን ከታማሚዋ በቀር ማንም ሊመልሰው አይችልም። የኅብረተሰብ ስሕተት ሁለቱን አደባልቆ፣ ትርጉም የሚፈልገውን ሰው በምክንያት መክሰሱ ነው።

ጥቁር አሜሪካዊቷ ገጣሚ ኦድሪ ሎርድ ይህን ሁለተኛ ጥያቄ ለሌላ ሰው አሳልፋ አልሰጠችም። እ.ኤ.አ. በ1978 አንድ ጡቷ ከወጣ በኋላ፣ ጉድለቱን በሰው ሠራሽ ጡት እንድትሸፍን ተመከረች። እምቢ ብላ ወደ ሐኪሟ ዘንድ ስትሄድ፣ ነርሷ አለማድረጓ የሌሎችን መንፈስ ይጎዳል ብላ ወቀሰቻት። ሎርድ በ1980 ባሳተመችው መጽሐፍ ለዚህ መልስ ሰጠች፤ አንድ ዓይኑን በጦር ሜዳ ያጣውን የእስራኤል ጄኔራል ሞሼ ዳያንን፣ የመስተዋት ዓይን አድርግ የሚለው ማን ነው? ስትል ጠየቀች። የወንድ ጠባሳ የጀግንነት ምስክር፣ የሴት ጠባሳ ግን መሸፈን ያለበት ጉድለት የሆነው በምን ሚዛን ነው? ከሁሉም በላይ የከበዳት ሽፋኑ የሚያመጣው ዝምታ ነበር፤ ጠባሳቸውን የሸፈኑ ሴቶች በመንገድ ሲተላለፉ አይተዋወቁምና። ሎርድ በ1992 በዚሁ ነቀርሳ መዛመት ሞተች።

ከዚህ ተነሥቶ እያንዳንዷ ታማሚ ጠባሳዋን ለአደባባይ ታውጣ ማለት ግን ሌላ ቀንበር መጫን ይሆናል። ሰው ሠራሽ ጡት አድርጋ በሰላም የምትኖርም ሴት ራሷን አላታለለችም። «ታግላ አሸነፈች» የሚለው የተለመደ ውዳሴም ቢሆን አደጋ አለበት፤ የዳነችው ጀግና ከተባለች የሞተችው ምን ልትባል ነው? በደዌ መሞት ሽንፈት አይደለም። ለምትፈራ ሴት ፍርሃቷን፣ ለምታለቅስም ልቅሶዋን መንፈግ፣ በማጽናናት ስም የሚፈጸም ጭካኔ ነው።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ የሐሳብ ክርክር ብቻ ሆኖ አይቀርም። የጡት ነቀርሳ እብጠት በመጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ አያምም። ሥራ የበዛባት ሴት ደግሞ ያላመማትን ነገር በሽታ አትለውም። ልብስ ስትቀይር እጇ ያገኘውን እብጠት ከነጠላዋ በታች ይዛ ገበያ ትውላለች፣ ለቅሶ ትደርሳለች፣ ልጅ ትድራለች። ለባሏ ብትነግረው እንዳይሸሻት፣ ለጎረቤት ብትነግር የሴት ልጇ ዕጣ እንዳይሰበር ትሰጋለች። ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና መስጫ ወደነበረው ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከየክፍለ ሀገሩ ተጉዘው ከደረሱት ሴቶች ብዙዎቹ የመጡት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ነው። መንገዱ ርቋል፣ ገንዘቡ አንሷል፤ የሰው አፍ ፍርሃትም የራሱን ወራት ወስዷል። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ብሂል እውነትነቱ አይካድም፤ ነገር ግን ወቀሳውን ሁሉ በሸሻጊዋ ላይ ይጥላል። እንድትሸሽግ ያደረጋት ማን እንደሆነ አይጠይቅም።

ስለዚህ ከጤነኛው የሚጠበቀው ትርጉም መስጠት ሳይሆን ቦታ መስጠት ነው። ጠያቂ ምክንያት ሳይመረምር ከአልጋው አጠገብ ቢቀመጥ፣ ባል ሆስፒታል ሄዳ ተራ ስትጠብቅ አብሯት ቢጠብቅ፣ ሴት ልጅ የእናቷን ጠባሳ አይታ ዓይኗን ባትመልስ፣ የታመመችው ሴት ለሕይወቷ የሚስማማውን ቃል ራሷ ታገኘዋለች። ምናልባት በጸሎት፣ ምናልባት በሥራ፣ ምናልባትም ከመሰሎቿ ጋር በምታወጋው ወግ ውስጥ ይሆናል። ያን ጊዜ «ይማርሽ» የሚለው ምርቃት ክስ የሌለበት ምሕረት ሆኖ ይደርሳታል።