ስለ እግዚአብሔር ብሎ ሐሰት መናገር ይገባልን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በጾመ ነቢያት ከጥሉላት ተከልክለን፣ ሰዓት ጠብቀን እንጾማለን። አንደበትም ከሐሜትና ከስድብ መጾም እንዳለበት ሁላችንም እናውቃለን። ዛሬ ግን ኃጢአት ስለማይመስለን አንድ የአንደበት ኃጢአት ልጽፍላችሁ ወደድሁ። እርሱም ለሃይማኖት የተቆረቆሩ መስሎ የማያውቁትን መናገር ነው። ምሳሌውን ከሩቅ አላመጣም፤ የራሴው ነው።

ነገሩ የሆነው ከሁለት ዓመት በፊት እዚሁ ገነተ ማርያም፣ በዚሁ ጾም ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚማር አንድ የአጥቢያችን ልጅ ቤተሰቡን ሊጠይቅ መጥቶ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጥዱ ሥር ቆመን ስንጨዋወት ስልኩን አወጣና ጄምስ ዌብ የሚባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ያነሣውን ፎቶ አሳየኝ። በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጤፍ የተበተነ ይመስላል።

«ዲያቆን፣ እነዚህ አብዛኞቹ ነጠላ ከዋክብት አይደሉም። እያንዳንዱ የብዙ ቢሊዮን ከዋክብት ጉባኤ ነው፤ ጋላክሲ ይሉታል። የአንዳንዱ ብርሃን ከተነሣ 13 ቢሊዮን ዓመት አልፎታል ብለው አስተማሩን። በባሕረ ሐሳብ ደግሞ 5,500ውን ዓመተ ፍዳ ከዓመተ ምሕረቱ ጋር ደምረን ዓመተ ዓለም ከ7,500 ትንሽ ያልፋል እንላለን። የቱን ልቀበል? ለጸሎት ስቆም እንኳ ይሄ ነገር ይመጣብኛል» አለኝ።

ምን ይዋጠኝ? ዙሪያዬን ሰው ቆሟል። አላውቅም ማለት ክብሬን የሚነካ መሰለኝ። «ተወው ባክህ! ይሄ ፈረንጅ በኮምፒውተር የሳለው ነው። ሰማዩን ማን ደርሶበት አየ?» አልሁት። የቆሙት ሳቁ። «እንዲያ ነው! አፉን አስያዝኸው» አሉኝ። ልጁ ስልኩን ኪሱ ከትቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። በሚቀጥለው እሑድ ቅዳሴ አልመጣም፤ ከዚያ በኋላ ባለውም አልመጣም።

የኔታ ነገሩን ሰምተው ኖሮ አስጠሩኝ። «ልጄ፣ ሥዕሉ በኮምፒውተር የተሳለ መሆኑን በምን አወቅህ?» አሉኝ። ዝም አልሁ። «አታውቀውም?» «አላውቀውም፣ የኔታ።» «ታዲያ እግዚአብሔር ምን ቸግሮት ነው አንተ በሐሰት የምትመሰክርለት? ሂድና መጽሐፈ ኢዮብን አንብብ» ብለው አሰናበቱኝ።

አነበብሁ። ኢዮብ በ13ኛው ምዕራፍ ወዳጆቹን የሚወቅሳቸው ስለ እግዚአብሔር ብለው ሐሰት በመናገራቸው ነው። ሰዎቹ የእግዚአብሔር ጠበቃ የሆኑ መስሏቸዋል። የጻድቁን መከራ ከየት እንደ መጣ ሳያውቁ «በድለህ ነው» እያሉ ቁስሉ ላይ ቁስል ጨመሩበት። በመጨረሻው ምዕራፍ ግን እግዚአብሔር የተቆጣው በማን ላይ ነው? በጠበቆቹ ላይ ነው። የሚጠይቀውና የሚጮኸው ኢዮብ ቅን ተናጋሪ ተባለ፤ እነርሱም ይቅርታ ያገኙት በእርሱ ጸሎት ነው። ይህን ሳነብ ያ አንገቱን የደፋ ልጅ ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

ከዚያ በኋላ አስቀድሜ ማድረግ የነበረብኝን ጀመርሁ፤ አነበብሁ፣ ላሊበላ ወርጄ የፊዚክስ መምህር ጠየቅሁ። ቴሌስኮፑ የመጠቀው ታኅሣሥ 16 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። በጾመ ነቢያት፣ እኛ በጦርነቱ ምክንያት መብራት ተቋርጦብን በጧፍና በኩራዝ በምናመሽበት ወቅት መሆኑ ነው። መስተዋቱ 6.5 ሜትር ስፋት አለው፤ በወርቅ ከተለበጡ 18 ክፍሎች የተገጣጠመ ነው። ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይሠራል። የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች በሙሉ የወጡት ሐምሌ 5 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ በጴጥሮስ ወጳውሎስ፣ የሐዋርያት ጾም በሚፈታበት ቀን ነው። ይህን ምልክት ነው ብዬ አልሰብክም፤ የማላውቀውን መናገር ምን እንደሚያስከትል አይቻለሁና።

ሥዕሉስ? ቴሌስኮፑ የሚሰበስበው በአብዛኛው ዓይናችን የማያየውን፣ ኢንፍራሬድ የሚባለውን ብርሃን ነው። ባለሙያዎቹ ለእኛ እንዲታየን ቀለም ይሰጡታል። ብርሃኑን ግን አልፈጠሩትም፤ በእርግጥ ከሰማይ የመጣ ነው። ስለዚህ በንግግሬ ውስጥ አንዲት ጠብታ እውነት ነበረች። ጠብታ እውነት ያለበት ሐሰት ደግሞ ሰውን ይበልጥ ያሳስታል።

«ሰማዩን ማን ደርሶበት አየ?» ማለቴም አሳፈረኝ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ በጾመ ሐዋርያት፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ጨረቃ ፀሐይን ጋርዳ ዳሯን ብቻ እንደ ቀለበት ስታስቀራት ላሊበላ ሆኜ አይቻለሁ። ቀኑንና ደቂቃውን ከብዙ ዓመት በፊት አስልተው ነግረውን ነበር፤ እንዳሉትም ሆነ። ሒሳባቸው በደቂቃ የደረሰላቸውን ሰዎች ሳልመረምር ውሸታሞች ልላቸው አይገባም ነበር። አባቶቻችንስ የፀሐይንና የጨረቃን ዑደት ቆጥረው አይደለም እንዴ አጽዋማትንና በዓላትን ያስተማሩን? መጽሐፈ ሄኖክስ ስለ ሰማይ ብርሃናት አካሄድ በሰፊው ይናገር የለምን? በዘመናችንም እንጦጦ ላይ ባለ አንድ ሜትር መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የእኛው አቡነ ዮሴፍ ያለበት የላሊበላ አካባቢ ተራራም ለትልቅ የከዋክብት መመልከቻ ታስቦ ሲጠና ቆይቷል። ሰማይን ማየት ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም።

«ታዲያ ሳይንቲስት ያለውን ሁሉ እንቀበል?» የሚለኝ ይኖራል። አይደለም። እነርሱም ይሳሳታሉ። ሀብል የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ በ1982 ዓ.ም. ከመጠቀ በኋላ መስተዋቱ ጉድለት ያለበት ሆኖ ተገኘ። ስሕተቱ የአንድ ፀጉር ውፍረት አንድ ሃምሳኛ ያህል ነበር፤ ሆኖም ሥዕሉን ሁሉ አደበዘዘው። ሰዎቹ ግን አልሸሸጉትም። ተሳስተናል ብለው በዓለም ሁሉ ፊት ተናገሩ፤ በ1986 ዓ.ም. ጠፈርተኞች ወጥተው ማስተካከያ መነጽር ገጠሙለት። እነርሱ በዓለም ፊት ተሳስተናል ካሉ፣ እኔ ጥድ ሥር በቆሙ ሰባት ስምንት ሰዎች ፊት ተሳስቻለሁ ማለት ለምን ከበደኝ?

በሦስተኛው ሳምንት ማታ ልጁ ቤት ሄድሁ። «ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ። ያን ቀን የመለስሁልህን አላውቀውም ነበር» አልሁት። ጥቂት ዝም ብሎ «ዲያቆን፣ መልሱን በዚያው ቀን ስጠኝ አላልሁም። መጠየቄ ከቤተ ክርስቲያን የሚያስወጣኝ መስሎኝ ነው የፈራሁት» አለኝ። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ወደ ደጅ ወጣን። ጨረቃ አልነበረችም። ወደ ሰማይ እያመለከተ ደብዛዛ፣ ጉም የመሰለች ነገር አሳየኝ። አንድሮሜዳ የምትባል ጋላክሲ ናት። ከፀሐይ የሚነሣ ብርሃን እኛ ዘንድ ለመድረስ 8 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል፤ ከእርሷ የሚነሣው ግን 2.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ። በጨለማው በገነተ ማርያም ደጅ፣ ያለ ምንም መሣሪያ፣ በባዶ ዓይኔ አየኋት።

የዚያን ማታ ስለ ቁጥሩም ተነጋገርን። እኔ ዲያቆን ነኝ፤ የሊቃውንቱን ወንበር አልወስድም። የሚታየኝን ብቻ ነገርሁት። የእኛ 5,500 አዳም ከተሰጠው ተስፋ ጋር የተያያዘ፣ አምስት ቀን ተኩል የተባለው የቃል ኪዳኑ ቁጥር ነው። ነቢያት እየጾሙ የጠበቁት ይህንኑ ተስፋ ነው። ቴሌስኮፑ ደግሞ የብርሃንን መንገድ ይቆጥራል። አንዱ የሰውን ናፍቆት፣ አንዱ የብርሃንን ጉዞ። የፍጥረት ቀናት እንዴት እንደሚተረጎሙ «አንድም» እያሉ የሚያመሰጥሩ ሊቃውንት አሉን፤ ሄደን እንጠይቃቸዋለን። ብርሃንን የፈጠረና ለአዳም ተስፋ የሰጠ ግን አንድ ነው፤ እውነት ከእውነት አይጣላም። የተጣላ ሲመስለን ያላለቀው የእኛ ትምህርት ነው። በዚህ ፎቶ ምክንያት እግዚአብሔር የለም የሚልም ካለ እርሱም እንደ እኔ ካየው በላይ ተናግሯል። ቴሌስኮፕ ርቀትን ይለካል፤ ማንን እንደምንወድ አይነግረንም።

ከመለያየታችን በፊት ልጁ የነገረኝን ለእናንተም ላካፍላችሁ። ጄምስ ዌብ የራቀውን ደካማ ብርሃን እንዲያይ ራሱ መቀዝቀዝ አለበት። የገዛ ሙቀቱ የሩቁን ብርሃን ይሸፍንበታልና። ስለዚህ ከፀሐይ የሚጋርደው አምስት ድርብ ስስ መጋረጃ ተደርጎለታል፤ 21 ሜትር በ14 ሜትር ነው። ከመጋረጃው ጥላ ሥር ከዜሮ በታች 223 ዲግሪ ድረስ ይቀዘቅዛል። እኔ ግን ያን ቀን በገዛ ክብሬ ሙቀት ስለነደድሁ አጠገቤ የቆመውን ወንድሜን ማየት ተሳነኝ። ጾም ማለት ይህን ሙቀት ማብረድ አይደለምን?

እንግዲህ እናቶችና አባቶች፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን! ልጆቻችሁ ሲጠይቁ አታሳፍሯቸው። የምታውቁትን ንገሯቸው፤ የማታውቁትን «አላውቅም፣ አብረን እንጠይቅ» በሏቸው። ሰብአ ሰገል ኮከብ ሲመለከቱ «ምን ወደ ላይ ያንጋጥጣችኋል?» ብሎ ያሳፈራቸው ቢኖር ኖሮ ወደ ቤተልሔም ባልመጡም ነበር።

ልጁ በሚቀጥለው እሑድ ቅዳሴ መጣ። እኔም ሰዎቹን ጥዱ ሥር ሰብስቤ የተናገርሁት ስሕተት እንደነበር ነገርኋቸው። ያን ቀን የሳቀ አልነበረም።

አምላካችን አንደበታችንን ከሐሰት ጠብቆ ለበዓለ ልደቱ በሰላም ያድርሰን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።