«አበላሸ» የማይበቃበት ቦታ

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ስንተረጉም አንድ ግሥ ከአቅሙ በላይ እናሠራለን፤ «አበላሸ»ን። ኮራፕት ሲመጣ አበላሸ፣ ዲቤዝ ሲመጣ አበላሸ፤ አደልተሬት፣ ቪሺዬት፣ ዲፕሬቭ፣ ፐርቨርት ሁሉም በዚያች አንድ በር ተጋፍተው ይገባሉ። እኔም ለዓመታት እንዲሁ ሳደርግ ኖሬያለሁ። ነገሩ በእርግጥ ስለተበላሸ ተሳስተሃል የሚለኝ አልነበረም። ግን እንዴት ተበላሸ? በማን እጅ? ከመበላሸቱ በፊትስ ምን ነበር? የእንግሊዝኛው ግሥ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ይዞ ይመጣል፤ እኛ መልሱን በር ላይ አስቀርተን ብልሽቱን ብቻ እናስገባለን።

ልዩነቱን መጀመሪያ ያየሁት ከመዝገበ ቃላት ሳይሆን ከእናቴ ነው። ቅቤ ስትገዛ በጥፍሯ ጫፍ ትንሽ ትቆነጥርና ታሸትተዋለች። ከዚያ የእጇ ጀርባ ላይ ቀብታ በገላዋ ሙቀት ሲቀልጥ ታየዋለች። አንዳንዱን «ይሄ ተበላሽቷል» ብላ ትመልሳለች፤ ቆይቶ የሸተተውን ማለቷ ነው። ሌላውን ግን «ባዕድ ነገር አለበት» ትላለች፤ ያን ጊዜ ድምፅዋ ይለወጣል። ለመጀመሪያው ተጠያቂው ጊዜና ፀሐይ ነው፤ ለሁለተኛው ሰው ነው። ሁለቱን በአንድ ቃል ጠርታቸው አታውቅም።

አደልተሬት ማለት ይህ ሁለተኛው ነው። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን በሆዱ «አልቴር» የሚል ቃል ይዟል፤ «ሌላ» ማለት ነው። እኛ «ባዕድ ነገር» የምንለውን ላቲኖች «ሌላ» ብለው በግሡ ውስጥ ከተቱት። አጠቃቀሙም ከዚህ ሥዕል ብዙ አይርቅም። ወተት፣ ወይን፣ ዱቄት፣ መድኃኒት አደልተሬት ይደረጋል እንጂ ጉቦ የበላ ዳኛ አደልተሬት ተደረገ አይባልም። ግሡ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ብራድፎርድ የተባለችው የእንግሊዝ ከተማ በ1858 እ.ኤ.አ. አይታዋለች። ስኳር ውድ ስለነበር ከረሜላ ሠሪዎች ርካሽ ነጭ ዱቄት ይደባልቁበት ነበር። አንድ ቀን ከመድኃኒት ቤት ዱቄቱ ሲጠየቅ በስህተት አርሰኒክ ተመዝኖ ተሰጠ። 20 ያህል ሰዎች ሞቱ፤ 200 ያህል ታመሙ። ምግብና መጠጥ ላይ ባዕድ ነገር መቀላቀልን የሚመለከት ሕግ በ1860 ወጣ። እኔን የሚያስደነግጠኝ አርሰኒኩ በስህተት መግባቱ ብቻ አይደለም። ስህተቱ ባይፈጠርም ከረሜላው አደልተሬት የተደረገ ነበር፤ የሚሞት ስላልነበረ ብቻ ማንም አይናገርም ነበር።

በአማርኛ ለዚህ የሚቀርበው «በረዘ» ነው። «ሳይበረዝ ሳይከለስ» ስንል ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ባህል፣ ስለ ታሪክ እንናገራለን። ሁለቱ ግሦች ግን ከጓዳ የወጡ ናቸው። ማር በውኃ ሲበጠበጥ ብርዝ ይሆናል፤ ለልጅ የሚሰጥ ደግ መጠጥ ነው። የወፈረ ወጥ ውኃ ሲጨመርበት ይከለሳል፤ መጽሐፍም ታርሞ ሲወጣ ክለሳ ነው። በጓዳቸው ማንም የማይነቅፋቸው ግሦች ወደ ሃይማኖትና ወደ ባህል ሲሻገሩ ነቀፋ ሆኑ። ብርዝ ብርዝ ተብሎ ሲቀርብ ማንም አይከፋውም፤ ጠጅ ነው ተብሎ ሲቀርብ ግን ክህደት ነው። ስለዚህ ለወተትም ለትምህርትም «በረዘ» ያምራል። በርበሬ ውስጥ ለገባ የሸክላ ዱቄት ግን ፈሳሽነቱ አይስማማም፤ እዚያ የእናቴ «ባዕድ ነገር» ይሻላል።

ዲቤዝ ደግሞ ከላይ ወደ ታች የሚያወርድ ግሥ ነው። ክፉ ባይገባበትም ነገሩ ከነበረበት ክብር ዝቅ ብሏል። ከሁሉ ይልቅ የሚስማማው ለገንዘብ ነው። ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ከ1544 ጀምሮ ለጦርነቱ ገንዘብ ሲያጥረው የእንግሊዝን የብር ሳንቲም በመዳብ ማቅለል ጀመረ። ከመቶ 92.5 እጅ የነበረው ንጹሕ ብር በእሱ ዘመን ወደ አንድ ሦስተኛ ወረደ፤ በልጁ በኤድዋርድ ዘመን በ1551 ወደ ሩብ። ሳንቲሙ ብር እንዲመስል ከላይ በስሱ ይለበጥ ነበር። የንጉሡ ፊት ፊት ለፊት ተቀርጾ ስለነበር እጅ ሲነካካው መጀመሪያ የሚፋቀው ጎልቶ የወጣው አፍንጫው ሆነ፤ ከሥሩም ቀዩ መዳብ ብቅ አለ። ሕዝቡ «መዳብ አፍንጫ» አለው። ንግሥት ኤልሳቤጥ በ1560 እና በ1561 ያን ሳንቲም ሰብስባ ደህናውን እስክታወጣ ድረስ ገበያው ተናጋ።

በእኛ አገር ለዚህ ግሥ እኩያ አለን፤ «አረከሰ»። «ረከሰ» ስንል ዋጋው ወረደ ማለታችንም ነው፣ ክብሩና ቅድስናው ተነካ ማለታችንም ነው። የገበያውና የቤተ መቅደሱ ቃል አንድ ነው። ከ1780 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተጻፈበት ዓመት ሳይለወጥ ሲታተም የኖረው ጠገራ ብር ከሺህ 833 እጅ ብር ነበረበት፤ ነጋዴው በላዩ በተቀረጸችው በእቴጌ ማሪያ ቴሬዛ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጥቦች በጣቱ ዳስሶ ነበር የሚቀበለው። ያ ጣት ዲቤዝ የሚለውን ግሥ ባያውቀውም ነገሩን አሳምሮ ያውቀው ነበር።

ኮራፕት ከሁሉም ሰፊው ነው። ሥሩ «ፈጽሞ መሰበር» ሲሆን በ1611 በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ በመቃብር የሚፈርስ ሥጋን ይናገራል። በግዕዝ «ሙስና» ማለትም ይኸው ነው፤ መፍረስ፣ መበስበስ። ሁለቱ ቋንቋዎች ለየብቻቸው ሄደው ጉቦ የበላ ባለሥልጣን ዘንድ ተገናኙ። ዛሬ ሙስና ስንል ገንዘቡን ብቻ እናያለን፤ የሥጋው ሽታ ከቃሉ መውጣቱ ያሳዝነኛል። ቃሉ መጀመሪያ የሚናገረው ስለተሰረቀው ሳይሆን ከውስጥ ስለሚፈርሰው ነበር።

ግሦቹ አንዱ ባንዱ ላይ ሲደገፉ ምን እንደሚሆን በለንደን ፍርድ ቤት ታይቷል። በ1959 የወጣው ሕግ አንድን ጽሑፍ ነውረኛ የሚለው አንባቢውን ዲፕሬቭ እና ኮራፕት የማድረግ ዝንባሌ ካለው ነው። በ1960 ደራሲው ሎውረንስ በጻፈው የሌዲ ቻተርሊ ልብ ወለድ ላይ ክስ ሲመሠረት ዳኛው ለሸንጎው የሁለቱን ቃላት ፍች ከመዝገበ ቃላት አነበበ። የዲፕሬቭ ፍች ውስጥ ኮራፕት አለ፤ በሁለቱም ፍች ውስጥ ደግሞ ዲቤዝና ፐርቨርት አሉ። ክብ ሆኖ ዞረ። በዚያ ክብ ላይ ቆመው መፍረድ የነበረባቸው 12 የሸንጎው ሰዎች ኅዳር 2 ቀን 1960 እ.ኤ.አ. አሳታሚውን ነፃ አሉት። ሕግ አውጪው ሁለት ግሥ በደረደረ ቁጥር ግልጽ ያደረገ ይመስለዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን አንዱን በሌላው ይሸፍነዋል።

ፐርቨርት ማዞር ነው፤ እንግሊዞች የፍትሕን መንገድ ያዞረ ይላሉ። እኛ ፍርደ ገምድል እንላለን። እነሱ የጠመመ መንገድ፣ እኛ የተቆረሰ ነገር አየን፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው።

ቪሺዬት ብዙ አደከመኝ። አንድ ውል ስተረጉም፣ ማታለል ስምምነቱን ቪሺዬት ያደርጋል የሚለውን «ያበላሸዋል» ብዬ ጽፌ ነበር። የቃሉ ሥር እንከን ወይም ጉድለት ማለት ነው። የሕግ ምሁሩ ሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ ያረቀቁት የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ስህተት፣ ስለ ተንኮልና ስለ ኃይል ሲደነግግ የሕግ ሰዎቻችን ጉዳዩን «የፈቃድ ጉድለት» ይሉታል። ውሉን እንደገና አየሁት። አልሸተተም፣ ባዕድ አልገባበትም፣ አልረከሰም፤ ፊርማውም ማኅተሙም በቦታው ነው። የፈረመው ሰው ፈቃድ ግን ጎደሎ ነበር። «ያበላሸዋል»ን ሰርዤ ጉድለቱን በስሙ ጻፍኩት።